የልጆቻችንን ጉዳይ ስትጽፉ ወላጆችንም ጠይቁ

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት በዋሽንግተን ዲሲ ከትምህርት ስለሚቀሩ ልጆች ያወጣችሁት ዘገባ በጣም አናዶኛል። «10 ቀን የቀረ ተማሪ ፍርድ ቤት ይቀርባል» ብላችሁ ጽፋችኋል። ወረድ ብላችሁ ደግሞ የእኛ ሰው ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲላክለት መልስ አይሰጥም ትላላችሁ። ይህን ሁሉ ስትሉ አንድም የሐበሻ ወላጅ አላናገራችሁም።

ከ10ሩ ቀን ልጀምር፤ ሰውን ያስደነገጠው እሱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ጎረቤቴ እጄን ይዛ «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ልጇ አስም አለበት። ብርድ ሲገባ እየታመመ ይቀራል። ለቀረበት ቀን ሁሉ የሐኪም ወረቀት አስገብታለች። ይቺን ሴት የሚያስፈራት ምንም ነገር አልነበረም። እንቅልፍ የነሳት የእናንተ ዘገባ ነው።

የዲሲ ሕግ የሚቆጥረው ተቀባይነት ያለው ምክንያት ያልቀረበበትን ቀን ብቻ ነው። ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ እንዲህ ያለ 10 ቀን ሲሞላበት ጉዳዩ የሚመራው ወደ ሕፃናትና ቤተሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ ዳኛ ፊት አይደለም። ወደ ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል የሚመራው ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለው ነው፤ ያውም 15 ቀን ሲሞላ። እዚያ ቢደርስም ተመራ ማለት ተከሰሰ ማለት አይደለም። ይህ ደግሞ የዲሲ ብቻ ነው። ብዙ አንባቢዎቻችሁ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። እናንተ ግን ሁሉንም በአንድ መስመር ጨፈለቃችሁት።

ዋናውን ነገር ደግሞ ጭራሽ አልነካችሁትም። ሕመም፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ የሃይማኖት በዓል በቂ ምክንያት ናቸው። ገናችን ጃንዋሪ 7 ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቀን ላይ ይውላል። ስቅለትም፣ ለሙስሊም ወንድሞቻችን ኢድም የትምህርት ቀን ላይ ሊውል ይችላል። ልጁን ይዞ ሌሊቱን ያስቀደሰ ወላጅ ምንም አላጠፋም። ግን ልጁ በተመለሰ በ5 የትምህርት ቀናት ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ካልላከ፣ ልጁ ዝም ብሎ እንደ ቀረ ተደርጎ ይመዘገባል። ሁለት መስመር ማስታወሻ ነው የሚፈለገው። ስንቱ ሰው ይህን ያውቃል? ይህን ለማሳወቅ ከእናንተ የተሻለ ማን ነበር?

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል እያለ ስለ መቅረቱ ደብዳቤ መጣ፤ በእንግሊዝኛ። በስልክ የሚላከውም የተቀዳ መልእክት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚደወለው ደግሞ ከሥራ ገብቼ በተኛሁበት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል። አንቀጽ የሚጠቅስ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው። ታዲያ ደብዳቤውን ማን አነበበልኝ? እዚያው ላይ ስሙ የተጻፈው ልጄ።

ለስብሰባ ተጠርቼ ስሄድም አስተርጓሚ አልነበረም። ካውንስለሯ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ረዘም አድርጋ ትናገራለች፤ ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «ሒሳብ ላይ በርታ ነው የምትለኝ» ይላል። እሷ በእስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቀኖች አንድ በአንድ ታሳየኛለች። አንዱ የገና ዕለት ነበር። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ልጄ ፈርቶ ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ በራሱ ላይ እንዲያስተረጉም ሲደረግ ሌላ ምን ያድርግ? የምወቅሰው እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጡትን ነው።

ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት። አማርኛ በዚያ ሕግ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ፣ ዋና ዋና ሰነዶችንም አስተርጉመው መስጠት አለባቸው። እምቢ ካሉ አቤቱታ የሚቀርብበት የከተማው የሰብአዊ መብት ቢሮ አለ። «መልስ አይሰጡም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ደብዳቤው በምን ቋንቋ እንደሚመጣ መጠየቅ አልነበረባችሁም? እናንተ እኮ በአማርኛ የምትጽፉ ናችሁ!

ሰስፔንድ ስለሚደረጉት፣ ማለትም ለጊዜው ከትምህርት ስለሚታገዱት፣ ልጆችም «ሥነ ሥርዓት የጎደላቸው» ብላችሁ አልፋችኋል። የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል እያለ አስተማሪውን ክፉ ተናገረ ተብሎ ወደ ቤት ይላክ ነበር። ወረቀት የለ፣ ምን የለ፤ «ኑና ውሰዱት» የሚል ስልክ ብቻ። አባትየው ኡበሩን አቁሞ ይሮጣል። ልጁ ቤት ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ሲመለስ ክፍሉ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው፤ ምንም አይገባውም፤ ያፍራል። በኋላ ማንም ሳይልከው ራሱ መቅረት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዲሲ ሕግ እኮ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሆን ብሎ በሰው አካል ወይም ስሜት ላይ ጉዳት ካላደረሰ፣ ሊያደርስ ካልሞከረ ወይም ካልዛተ በስተቀር ሰስፔንድ እንዳይደረግ ይከለክላል። በመቅረት ወይም በማርፈድ ልጅን ማገድም ክልክል ነው። ወላጆች ሆይ፣ «ውሰዱት» ስትባሉ የጽሑፍ ማስታወቂያ ጠይቁ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ።

ፍርድ ቤት ልጅን ወደ ክፍል ይመልሳል ብሎ የሚያስብ ካለ ቴክሳስን ይመልከት። እዚያ እስከ 2015 ድረስ ከትምህርት መቅረት ወንጀል ነበር፤ እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል። ዳላስ ያሉ ዘመዶቻችን ያውቁታል። ግዛቱ ራሱ ነው ሕጉን የሻረው። ጆርጂያ ውስጥ ክሌይተን ካውንቲ ደግሞ የልጆች ዳኛው ስቲቨን ቴስኪ በ2004 ከትምህርት ቤቶችና ከፖሊስ ጋር ተስማሙ። ልጅ ለቀላል ጥፋት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደግም ትምህርታዊ ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛው ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉ ልጆች እኔ ፊት መቅረብ የለባቸውም ያሉት።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። የ10ሩንና የ15ቱን ቀን ልዩነት፣ የ5ቱን ቀን የማስታወሻ ጊዜ፣ የአስተርጓሚ መብቱን በግልጽ ጻፉልን። ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን ይሁን። ከገና በፊት ይውጣ፤ ማስታወሻውን የሚጽፈው ወላጅ የሚፈልገው ያኔ ነውና።

አንዲት እናት
ከብራይትውድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ