ለጤና ሚኒስቴር እና ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የነርሲንግ ተማሪዎቻችን ዋርድ ከመግባታቸው በፊት ግማሽ ቀን ያርጁ

ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ፣ አሁን ደሞ ስኪል ላብ (የነርሲንግ መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ተማሪ አስተምራለሁ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለባት። ተኝታ ከነበረችበት ሆስፒታል የወጣች ቀን አንዲት አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) የወጣች ተማሪ መዳኒቷን አስረዳቻት፣ ማስክ እንዳደረገች፣ አይኗ ፋይሉ ላይ፣ ቶሎ ቶሎ፦ ይሄ ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ይሄኛው ማታ ግማሽ፣ ገባዎት እማማ? እናቴም "እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ታክሲ ውስጥ ምን አለችሽ ብላት "ኧረ አልሰማኋትም፣ ልጅቷ ግን ደክሟት ነበር መሰለኝ፣ ድገሚልኝ ማለቱ ከበደኝ" አለችኝ።

በልጅቷ አልፈርድም። እኔም ተማሪ እያለሁ ስንት "እሺ" ተቀብዬ ፋይሉ ላይ ተነግሯቸዋል ብዬ እንደፈረምኩ ሳስበው ያመኛል። የኛ አገር ትልቅ ሰው እኮ ይሉኝታ አለው፣ እሺ ካለ ገባኝ ማለቱ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ግዜ አልሰማሁሽም ግን አላስቸግርሽ ማለቱ ነው፣ ይሄን ደሞ በሌክቸር ብቻ ማስተማር አልቻልኩም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ይጽፉታል፣ ይፈተኑታል፣ በቃ።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አስረጀኋቸው። ርካሽ መነጽር ላይ ቫዝሊን ቀባን፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ፣ ጓንት ደርበው ሁለት ሁለት ጣታቸውን አንድ ላይ በፕላስተር አሰርን፣ ጉልበታቸውን በባንዴጅ ጠበቅ አድርገን ጠቀለልን፣ ጫማቸው ውስጥ ሽምብራ ጨመርን። ከዛ ደረጃ ውጡ፣ ፎርም ሙሉ፣ ኪኒን ከስትሪፑ አውጥታችሁ ዋጡ (የከረሜላ ፍሬ ነው ያሸግነው)፣ ሌላው ተማሪ ደሞ ማስክ አድርጎ ነርስ ይሆናል። መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ነበር። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ፍሬው አልወጣ አላት፣ ታገለች ታገለች፣ ሲወጣ ከእጇ አምልጦ አልጋው ስር ገባ። ጎንበስ ልትል ሞከረች፣ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። ትንሽ አየችውና ቀና ብላ ነርሷን "ወስጃለሁ" አለቻት። በኋላ ስንወያይ ለምን እንደዛ አልሽ ስላት "ሁሉም ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፣ አፈርኩ" አለች፣ አይኗ እንባ ሞልቶ። ይሄ ሁሉ እኮ 10 ደቂቃ አልሞላም።

ሀሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። ፓትሪሺያ ሙር የምትባል አሜሪካዊት ዲዛይነር በፈረንጆቹ 1979፣ ገና በ26 ዓመቷ፣ ራሷን ከ80 ዓመት በላይ አሮጊት አስመስላ፣ ጆሮዋን ደፍና፣ አይኗን አደብዝዛ፣ መገጣጠሚያዎቿን ጠፍራ፣ ለሶስት ዓመት ያህል አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ100 በላይ ከተማ ዞራለች። አሜሪካ ያለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የእርጅና ጥናት ቤተሙከራ፣ ኤጅላብም አግነስ የሚባል ልብስ ሰርቷል፣ የለበሰው ሰው መገጣጠሚያው ይያዛል፣ ሚዛኑን ይስታል። እኔ ያን ልብስ ግዙልን እያልኩ አይደለም፣ ቫዝሊንና ሽምብራ ይበቃናል።

የምጠይቃችሁ ግዜውን ነው። ካሪኩለሙ ውስጥ ከመጀመሪያው አታችመንት በፊት ግማሽ ቀን ይግባልን፣ ከግማሹ ቀን ደሞ ግማሹ ለውይይት ይሁን፣ ምክንያቱም ሳይወያዩ ከተበተኑ ወይ ቀልድ ሆኖ ይቀራል ወይ እርጅናን ፈርተውና አዝነው ብቻ ይሄዳሉ፣ እናቴ ደሞ የሚያዝንላት አይደለም የሚያስፈልጋት፣ ፊቷ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ የሚያናግራት ነው። ውይይቱ ላይ ጡረተኞች ይጋበዙ፣ እነሱ ራሳቸው ይንገሯቸው። እኔ የምፈትንበት ቼክሊስት ላይ መርፌ አወጋግ እያንዳንዱ እርምጃ ነጥብ አለው፣ "እስቲ ምን እንዳልኩዎት መልሰው ይንገሩኝ" ብሎ መጠየቅ ግን የለበትም፣ እሱም ነጥብ ይሰጠው፣ ተማሪ የሚፈተንበትን ነገር ነው የሚለማመደው። አንድ ነርስ ዋርድ ሙሉ በሽተኛ ይዛ ለሁሉም ቁጭ ብላ ማስረዳት እንደማትችል አውቃለሁ፣ እሱም የናንተን መፍትሄ ይፈልጋል፣ ይሄኛው ግን በጀት አይጠብቅም።

የኛ ቀጣዩ ባች አታችመንት የሚወጣው ከገና በኋላ ነው። ከዛ በፊት ከናንተ ካሪኩለሙን የሚያዘጋጅ ሰው ይምጣና መነጽሩን አድርጎ፣ ጣቱን ታስሮ፣ አንድ ፍሬ ከስትሪፕ ያውጣ።