ለአባቴ፣ ስለ ቡከር ዋሽንግተን እና ስለ ዱ ቦይስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ሻል እንዳለዎት እኅቴ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ እዚህ አትላንታ ሁላችንም ደህና ነን።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለልጅ ልጅዎ በስልክ ስለሰጡት መልስ ነው። ለትምህርት ቤት ጽሑፉ ብሎ፣ ጥቁሩ ሕዝብ መብቱን እንዴት ያግኝ በሚለው ስላልተስማሙት ሁለት የጥቁር አሜሪካውያን መሪዎች «ከቡከር ዋሽንግተን እና ከዱ ቦይስ ማን ልክ ነበር?» ሲልዎት «ቡከር ሠሪ ነበር፣ ዱ ቦይስ ተናጋሪ» አሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንጨትና የብረት ሥራ ያስተማሩ ሰው ቡከርን ቢወዱ አያስደንቅም። ፍርዱ ግን ዱ ቦይስን በድሏል፤ ልጁም እንዲሁ ይዞት እንዲያድግ አልፈልግም።

ስለ ቡከር ያሉት እውነት ነው። በባርነት የተወለደ ሰው፣ በ1881 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) አላባማ ውስጥ ታስኪጊ ላይ ትምህርት ቤት ሲከፍት ባዶ እጁን ነበር ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹ የሚማሩበትን ሕንፃ ጡብ ራሳቸው ሠሩ። የጡቡ ምድጃ ሦስት ጊዜ ከሸፈ፤ ለአራተኛው ሙከራ ገንዘብ ቢያጣ ሰዓቱን አስይዞ ተበደረ። እርስዎም ቢሆኑ ይህንኑ ያደርጉ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ እዚሁ አትላንታ፣ ዛሬ ፒድሞንት ፓርክ በሚባለው ሜዳ። ቡከር ነጮች በሞሉበት የኤግዚቢሽን ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ በማኅበራዊ ኑሮ እንደ ጣቶች ተለያይተን፣ ለጋራ ዕድገት በሚያስፈልገው ሁሉ እንደ አንድ እጅ እንሁን አለ። ጥቁሩ ሕዝብ አሁን ሥራ ይያዝ፣ ሀብት ያፍራ፤ መብቱ በጊዜው ይመጣል ማለቱ ነበር። ዱ ቦይስ ራሱ ያን ጊዜ የደስታ መልእክት ልኮለታል። በዓመቱ ግን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን በባቡር መለየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ።

ዱ ቦይስ በ1897 ለማስተማር ወደዚህ ከተማ ሲመጣ፣ ጥላቻ ከአለማወቅ የሚመነጭ ስለሆነ በጥናት ይታከማል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በ1899 ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ገበሬ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ በሕዝብ ፊት በእሳት ተቃጠለ። ዱ ቦይስ የተቃውሞ ደብዳቤ ይዞ ወደ ጋዜጣ ቢሮ ሲሄድ፣ የሟቹ የጣት አጥንት በአንድ ሱቅ ለዕይታ መቀመጡን ሰማና ከመንገዱ ተመለሰ። ሰው እንዲህ እየተገደለ ዳር ቆሞ ማጥናት እንደማይቻል ኋላ ጽፏል። አባቴ፣ ይህን ያየ ሰው ቢናገር ተናጋሪ ይባላል?

ከሁሉ በላይ እንዲያስቡበት የምለምንዎ የአሎንዞ ኸርንደንን ነገር ነው። እሱም በባርነት ተወልዶ፣ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ሠርቶ፣ ፒችትሪ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ያማረ ፀጉር ቤት የከፈተ ባለጸጋ ነበር። ቡከር «ሥሩ» ያለውን ሁሉ ሠርቷል። በመስከረም 1906 ጋዜጦች ጥቁር ወንዶች ነጭ ሴቶችን ደፈሩ የሚል ወሬ ሲያራግቡ ነጩ ሕዝብ ጎዳና ወጣ፤ ብዙ ጥቁሮች ተገደሉ፣ የኸርንደን ፀጉር ቤት መስተዋትም ተሰባበረ። በዚያው ዓመት ለአገረ ገዥነት የተወዳደሩት ሰዎች የጥቁሩን ድምፅ መንጠቅ ሲፎካከሩበት ከርመው ነበር፤ በ1908 ነጠቁት። ድምፅ የሌለውን ባለሀብት ፖሊሱም ዳኛውም አይፈሩትም። ዱ ቦይስ ሲጮኽ የነበረው ይህን ነው።

ዱ ቦይስም ጉድለት ነበረበት። ሕዝቡን የሚያነሡት ከአሥር አንዱ የሆኑት ምሁራን ናቸው ይል ነበርና፣ ጥጥ የሚለቅመው ገበሬ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሩቅ ነው። ገበሬውን መንደሩ ድረስ በጋሪ ሄዶ ያስተማረው ታስኪጊ ነው።

አንድ ነገር ግን ለቡከር ያለኝን ፍቅር አብዝቶታል። በአደባባይ «ታገሡ» እያለ፣ በምስጢር ገንዘብ እየከፈለ የአላባማን የምርጫ ሕግ በፍርድ ቤት ያስከስስ ነበር። ከጠበቃው ጋር የሚጻጻፈው በተለወጠ ስም ነበር። ክሱ በ1903 ተረታ። እርስዎ «ሙያ በልብ ነው» የሚሉት ዓይነት ሰው ነው። ነገር ግን እሱ ራሱ ጡብ ብቻ እንደማይበቃ ባያውቅ ኖሮ ለጠበቃ ለምን ይከፍላል?

በ1965 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በወጣበት ዓመት፣ ለእኔ ዓይነቱ ስደተኛ በር የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግም ወጥቷል። ሁለቱም የዚያ ትግል ፍሬዎች ስለሆኑ፣ ልጄ የትግሉን ሰዎች አሳንሶ እንዲያይ አልሻም።

ጽሑፉን ሳያስረክብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደውልልዎታለን። የማይስማሙበትን ሁሉ ለእሱም ለእኔም ይንገሩን። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ።

አክባሪ ልጅዎ