እማዬ፣ ሐምሌ ላይ እመጣለሁ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ይሄንን ታናሼ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ስልክ ላይ ኔትወርኩም ይቆራረጣል፣ እኔም ሆድ ይብሰኛል፣ ያሰብኩትን ሳልናገር እንዘጋዋለን።

ሰፈር ውስጥ «እዚያው ቅሪ በያት፣ ማን ሞኝ ነው የሚመለስ» እንደሚሉሽ ሰምቻለሁ። አንቺም በቀደም ስንደዋወል ትንሽ ዝም አልሽና «እንዳሰብሽው አድርጊ ልጄ» አልሽኝ። እኔ ያሰብኩት መምጣት ነው። ፈተናዬን እንደጨረስኩ፣ ሐምሌ ላይ እመጣለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ከሰው ሳይሆን ከእኔ ስሚ።

እዚህ ጣሊያን፣ ቦሎኛ የመጣሁት በተማሪዎች ልውውጥ ነው፣ አውሮፓውያኑ ኤራስመስ በሚሉት። ተማሪነቴ አሁንም የእኛው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዲግሪዬንም የሚሰጠኝ እሱ ነው። እዚህ አንድ ሴሚስተር እማራለሁ፣ የትምህርት ክፍያ የለብኝም፣ ለኑሮ በየወሩ ይሰጡኛል፣ ውጤቴ ደግሞ ተልኮ እዚያ ይመዘገብልኛል። ከመምጣቴ በፊት አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ስመላለስ «ጫማሽን ጨረስሽው» ትይኝ የነበረው ትዝ ይልሻል? የምወስዳቸው ኮርሶች የተዘረዘሩባት ናት። እኔ፣ የእኛ ትምህርት ክፍልና የዚህኛው ዩኒቨርሲቲ ፈርመንባታል። እሷ ባትኖር እዚህ የለፋሁት ሁሉ ሜዳ ላይ ሊቀር ይችል ነበር።

ይሄ ነገር የተጀመረው እንዴት እንደሆነ ስሰማ በጣም ገረመኝ። ሶፊያ ኮራዲ የምትባል ሮም ከተማ ሕግ ትማር የነበረች ልጅ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ማስተርሷን ይዛ ተመለሰች። የሮም ዩኒቨርሲቲዋ ግን እዚያ የተማርሽውን አልቀበልም አላት። ያ ንቀት ከውስጧ አልወጣም። ተማሪ ውጭ ተምሮ ሲመለስ ልፋቱ ይቆጠርለት እያለች ዓመታት ሙሉ ስትጽፍ፣ ስትወተውት ኖረች። በ1987 ኤራስመስ ተጀመረ። ጣሊያኖች «ማማ ኤራስመስ» ይሏታል። እማዬ፣ ሴትዮዋ የታገለችው ሰው ሄዶ እንዲቀር አይደለም፣ ተምሮ ሲመለስ የተማረው እንዳይጣልበት ነው።

ትምህርቱ ከባድ ነው፣ ግን ደስ ይላል። አብዛኛው ፈተና በቃል ነው። መምህሩ ፊት ትቀመጫለሽ፣ ተራ የሚጠብቁት ከኋላሽ ሆነው ይሰሙሻል፣ ይጠይቅሻል፣ ትመልሻለሽ። ውጤቱ ከ30 ነው፣ ማለፊያው 18። የሚገርመው ደግሞ ውጤቱን ካልወደድሽው «አልቀበልም» ብለሽ ሌላ ቀን መፈተን ትችያለሽ፣ ማንም አይቆጣሽም። ቀድሞ ያለቀውን አንድ ኮርስ ተፈትኜ 27 አገኘሁ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ተቀበልኩ። ሰው ፊት አፌን ሞልቼ መከራከር እንደምችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጠበቃ ልሆን ለማስበው ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቤትና ወረቀት ግን አሳይተውኛል። ክፍል እዚህ ውድ ነው፣ ማግኘቱም ጭንቅ ነው፣ ከሌላ ልጅ ጋር ነው የምኖረው። የመጀመሪያው ክፍያ ዘግይቶ እስኪገባ ድረስ እንዴት እንደኖርኩ ስመጣ አጫውትሻለሁ። በገባሽ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ፖስታ ቤት ሄደሽ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ግዴታ ነው፣ ከዚያ ፖሊስ ጋር የጣት አሻራ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው።

ጾሙን እንዴት እንዳሳለፍሽ ንገሪኝ ስትይኝ ነበር። ሽምብራና ምስር እዚህም ሞልቷል፣ አልተቸገርኩም። እንጀራ ደግሞ ኤርትራውያን እናቶች አሉ፣ ከድሮ ጀምሮ እዚህ የኖሩ። አንዷ በትግርኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ «ብዪ እንጂ» እያሉ ያጎርሱኛል፣ ልክ እንዳንቺ።

ሌላ ደግሞ አንቺ ብታይው የምትወጂው ነገር። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ሳን ሉካ የሚባል የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ። መንገዱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ እስከ ላይ ድረስ በቅስት በረንዳ ስለተሸፈነ ዝናብም ፀሐይም አይነካሽም። እዚያ ያለችውን ሥዕል ቅዱስ ሉቃስ ራሱ የሳላት ናት ይላሉ፣ እኛም ሀገር ስለ አንዳንዶቹ ሥዕሎች እንደሚባለው። በ1433 ዝናቡ አላባራ ብሎ እህሉ ሊጠፋ ሲል አውርደው ከተማ ይዘዋት ገቡ፣ ዝናቡም ቆመ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያወርዷታል፣ ዘንድሮ ከግንቦት ልደታ ሰሞን ጋር ገጠመ። ሥርዓታቸው ከእኛ ይለያል፣ ግን አሮጊቶቹ ሲሳለሙ አይቼ ስለ ጉልበትሽ ለመንኩልሽ።

አሁን ወደ ነገሬ። ፈቃዴ ለትምህርቱ ጊዜ ብቻ ነው። ብቀር ያለ ወረቀት ነው የምቀረው። ያለ ወረቀት የሰው ቤት የሚያጸዱ፣ ሽማግሌ የሚያስታምሙ፣ እናታቸው ስትሞት ሄደው መቅበር ያልቻሉ እህቶች አግኝቻለሁ። አልፈርድባቸውም፣ ሌላ በር አጥተው ነው። እኔ ግን አንድ ዓመት የማይሞላ ትምህርት ቀርቶኛል፣ ከዚያ በራሴ ዲግሪ ለማስተርስ መወዳደር እችላለሁ፣ እንደገና ብወጣም በፊት ለፊት በር ነው። ደግሞ ከእኔ በኋላ ለመምጣት ፎርም የሞሉ ልጆች አሉ። እኔ ብጠፋ የእነሱን ቪዛ የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እኔን ነው። ይሄን ለማንም ማድረግ አልፈልግም።

ለጎረቤቶቹ «ትምህርቷን ልትጨርስ ነው የምትመጣው» በያቸው፣ ሌላ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። የተበደርሽውን የትኬት ገንዘብ ከወር ክፍያዬ ቀንሼ አስቀምጫለሁ፣ ስመጣ እንከፍላለን። የግፊት መድኃኒትሽን ግን ደህና ነኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ ታናሼም ይከታተልሽ። ቦሌ ለመቀበል ብላችሁ መኪና እንዳትከራዩ፣ ሻንጣዬ አንድ ነው፣ ራይድ ይዤ እመጣለሁ።

ልጅሽ