ረቂቁ «መድኃኒት አቁሙ» አይልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ራስን ማጥፋት ያወጣችሁት ዘገባ ውስጥ «ሕጉ የአእምሮ መድኃኒት እንዳይታዘዝላቸው ያግዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከየት አገኛችሁት?

ሴናተር ጆን ማኬይን እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረቡት የሕግ ረቂቅ የጠየቀው ምርመራ ነበር። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ጋር ተዋውሎ የአምስት ዓመት ሞት ያስፈትሽ ይል ነበር፦ ሟቹ ምን ታዞለት ነበር፣ ሲሞት በሰውነቱ ምን ተገኘ፣ ስንት መድኃኒት ደራርቦ ይወስድ ነበር። እገዳው የቱ ጋ ነው?

ደግሞስ ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ጆንያ መክተት ምን ይባላል? የመሥሪያ ቤቱ የራሱ የሕክምና መመሪያ ከጦርነት ሰቀቀን ለሚመጣ የአእምሮ ሕመም (ፒቲኤስዲ) ሰርትራሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ይመክራል፤ እነ ክሎናዜፓምን (የጭንቀት ማረጋጊያ ኪኒኖችን) ግን አይደግፍም።

ልጆቻቸው በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ አንባቢዎች አሏችሁ። ዘገባችሁን አምና የልጇን ክሎናዜፓም የምትደፋ እናት ብትኖር ማን ሊጠየቅ ነው? ለወራት የተወሰደ ክሎናዜፓም በአንድ ቀን ሲቋረጥ ሰውነትን የሚያንፈራግጥ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ ጭንቀቱም ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ነው፤ ብዙውን ጊዜ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ። ከዓመት በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ደግሞ በወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ በዝግታ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2019 ኦፒዮይድን በድንገት ማቋረጥ ራስን እስከ ማጥፋት ሊያደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እናንተ «ያግዳል» ስትሉ ይህን አንብባችሁ ይሆን?

ሐኪም ጠይቃችኋል፣ የምክር ቤት አባል ጠይቃችኋል። ፋርማሲስት ግን አንድም የለም፤ ኪኒን ከሰማይ ይወርዳል መሰለን! በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ፋርማሲዎች ስንት ያገር ልጅ ቆሞ ይውላል። አንዱ ሐኪም ኦፒዮይድ፣ ሌላው እንደ ክሎናዜፓም ያለ የጭንቀት ኪኒን ሲያዝ (ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽ ሊያፍኑ ይችላሉ፤ ኤፍዲኤ በ2016 በማሸጊያ መግለጫው ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ አስገብቶበታል) ሁለቱንም ወረቀት ከፊቱ የሚያገኘው ፋርማሲስቱ ነው። የአሜሪካ ክልሎች የመድኃኒት ማዘዣ መዝገብም ቢሆን በዋናነት የሚይዘው እንደ ኦፒዮይድና ክሎናዜፓም ያሉ ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ነው፤ ሰርትራሊን በአብዛኛው እዚያ አይታይም። መርማሪዎቹ መዝገቡን ብቻ ካዩ ግማሹን ያጡታል። ለዘገባ የሚሆን ጉዳይ ይህ ነበር።

እርማት ስታወጡ፣ በሦስት ዓምድ ያልተገኘላትን አንዲት መስመር ጨምሩ፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ፣ ለቀድሞ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው በአሜሪካ ወደ እርዳታ መስመሩ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን።

አንድ ፋርማሲስት