ለወረዳችን ትምህርት ጽ/ቤት ኃላፊ፦ ልጄ ሪፖርታችሁ ላይ ይማራል፣ እቤት ነው የሚውለው

ጤና ይስጥልኝ። በማመልከቻም በአካልም መጥቻለሁ፣ ፀሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት ሰልችቷት አሁን ሳታናግረኝ ራሷን ብቻ ትነቀንቅልኛለች፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ከተናደዱ ይቅርታ፣ ካልተናደዱ ግን የባሰ ነው።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። ሲመዘገብ ልዩ ፍላጎት ብላችሁ ጻፋችሁት፣ ደስ አለኝ። ከዛ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ባንዴ ፊደል ሲጮህ ጆሮውን ይዞ እሱም ጮኸ (እኔም ብሆን እጮሃለሁ) እና «ወይ እናቱ አብራው ትቀመጥ ወይ እቤት ይዋል» ተባልኩ። እኔ ጉልት ላይ ድንችና ሽንኩርት ነው የምሸጠው፣ ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ብውል ማታ ምን እንበላለን? እቤት ዋለ። መምህሩን አልወቅስም፣ ማን አሰለጠነውና።

ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲከበር ግን «ልጁን ይዘሽው ነይ» ተባልኩ። በዛ ብርድ አጥቤ፣ ያለችውን ልብስ አልብሼ አመጣሁት። «አካቶ ትምህርት ለሁሉም» የሚል ባነር አስይዛችሁ ፎቶ አነሳችሁት፣ እርሶም ትከሻውን አቅፈው ተነሱ፣ ንግግርም አደረጉ፣ ሻይ ቡና ተባለ። በሳምንቱ ትምህርት ቤት ስወስደው ጥበቃው ከበር መለሰን። ከዛ ሪፖርት ሲቀርብ እየተማሩ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ስሙን በአይኔ አየሁት። ማነው የሚማረው? ባነሩ?

ህጉን ለርሶ ማስተማር የኔ ስራ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ አካል ጉዳተኛን መርዳት የመንግስት ስራ ነው ይላል፣ አለም አቀፉን የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም አገራችን በ2002 በአዋጅ አጽድቃዋለች፣ እዛ ላይ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት አይገለልም ይላል። «አቅም በፈቀደ» ነው የሚለው ትሉኝ ይሆናል። ለባነሩ አቅም ፈቅዶ የለ እንዴ።

እኔስ ከተማ ዳር ነኝ። ገጠር ያለችው እናት ልጇን ከምሰሶ አስራ ነው እንጨት ለቀማ የምትወጣው፣ ክፉ ሆና አይደለም፣ ከደጇ ስር ገደል አለ፣ ልጁ ደግሞ አደጋ አያውቅም። ሰፈሩ በምን ኃጢአቷ ይላታል። ሸንኮራ ዮሐንስ እኔም ሄጃለሁ፣ ተጠምቄ አስጠምቄዋለሁ፣ ጠበሉን አልነቅፍም፣ ግን ሲጮህ ምን እንደማደርግ፣ እንዴት እንደማግባባው የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኛል። ሀኪም ጋ ስንሄድ «አዲስ አበባ ውሰዱት» ነው፣ በየትኛው ብር?

ደግሞ የሌለ ነገር እየጠየቅኩ አይደለም። የአለም ጤና ድርጅት እንደኔ ላሉ ወላጆች ያዘጋጀው ስልጠና አለ፣ 9 ጊዜ በቡድን፣ 3 ጊዜ ደግሞ እቤት ድረስ እየመጡ፤ ስፔሻሊስት ሀኪም አይጠይቅም፣ ከልጁ ጋር በጨዋታና በቤት ውስጥ የእለት ስራ መሀል እንዴት መግባባት እንደሚቻል፣ እናትየዋም ራሷን እንዴት እንደምትጠብቅ ነው የሚያሳየው። በአማርኛ ተዘጋጅቶ አገራችን ውስጥ ተሞክሯል። እዚህስ ምን ይከለክለዋል? ከጤና ጽ/ቤቱ ጋር ግቢያችሁ አንድ ነው፣ አንድ ቀን ተሻግራችሁ ተነጋገሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽኖቹን አሰልጥኑና ላኩልን፣ መምህሩንም ጨምሩት።

እስከዛው ወይ ልጄን ክፍል አስገቡት ወይ ስሙን ከሪፖርቱ ሰርዙት። ስልጠናው ከመጣ እኛ እናቶቹ እሁድም ቢሆን እንመጣለን፣ ልጆቹንም ይዘን። ደብተርና ምሳችንን ከቤታችን እናመጣለን፣ አበልም አንጠይቅም።

አንዲት እናት
ከሰሜን ሸዋ