የጥንቱ ፊልም ከነዝምታው ይታይልን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እሑድ እዚህ አዳማ፣ በአንድ አዳራሽ፣ «ራይደርስ ኦፍ ዴስቲኒ» የተሰኘው የካውቦይ ፊልም እንደሚታይ ሰምቼ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 የተሠራ፣ ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት የማይሞላ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለከተማችን ሕዝብ መቅረቡ በእውነት አስደስቶኛል። ያሳዘነኝ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኪቦርድ ሙዚቃ ተጭኖበት መታየቱ ነው።

ፊልሙ ሲሠራ ድምፅ ወደ ሲኒማ ከገባ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበሩ፤ ይህን ፊልም እንደሠራው እንደ ሎን ስታር ያሉ አነስተኛ ኩባንያዎችም ለኦርኬስትራ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ስለዚህም ፊልሙ ንግግርና ሌላ ድምፅ ቢኖረውም በትዕይንቶቹ ሥር የሚሰማ ማጀቢያ ሙዚቃ አልነበረውም። በ1930 በትልቅ በጀት የተሠራው ፊልሙ ገበያ በማጣቱ ወደ እነዚህ ርካሽ ፊልሞች የወረደው ዋናው ተዋናይ ጆን ዌይን፣ እዚህም የሚዘፍነው በሌላ ሰው ድምፅ ነው። ሆኖም እየዘፈነ ወደ ባላንጣው በሚራመድበት ቦታ የተመልካቹ ልብ የሚሰቀለው በዙሪያው ጸጥታ ስላለ ነበር፤ በአዳራሹ ግን ዘፈኑና ኪቦርዱ ተደባልቀው አንዱም ሳይሰማ ቀረ። አደገኛ ትዕይንቶችን የሚሠራው ያኪማ ካነት ሕይወቱን አደጋ ላይ እየጣለ የሠራው የፈረስ ግልቢያም ኮቴው ካልተሰማ ግማሽ ነገሩ ጠፍቷል።

ታሪኩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የሸለቆውን ውኃ በእጁ ያደረገ ባለጸጋ ገበሬዎቹን በውድ ዋጋ አስጨንቆ መሬታቸውን ሊወስድ ይነሣል። አጠገቤ የተቀመጡት፣ ማሳቸውን በአዋሽ ውኃ የሚያጠጡ አዛውንት፣ «ውኃ ይከለከላል እንዴ!» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንግሊዝኛውን ባይከታተሉም ዛቻውን ከሰውየው ድምፅ ሊለዩ ይችሉ ነበር፣ ኪቦርዱ ባይውጠው ኖሮ።

ቅሬታዬን ለአዳራሹ ኃላፊ ሳቀርብ «የዛሬ ወጣት ዝምታ አይወድም» የሚል መልስ ሰጡኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያንኑ ምሽት ሙዚቃ ያልተጨመረበትን ቅጂ ቤት ውስጥ ስናይ፣ ታናሹ ልጄ እጄን ይዞ «አባ፣ ዝም ያሉት ሊተኮስ ስለሆነ ነው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። አዳራሹ ፊልሙን ደግሞ ለማሳየት ካሰበ፣ ይህን ቅጂ በነጻ ለመስጠት ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ