ለአባቴ፤ ስለ አትላንታ ሰፈሮች

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው በስልክ «አትላንታ ነው የምኖረው ትይኛለሽ፣ ፖስታው ላይ ደግሞ ክላርክስተን ይላል፤ የትኛውን ልመን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በደብዳቤ ማስረዳቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ፖንስ ደ ሊዮን የሚባል ረጅም ጎዳና ከመሀል አትላንታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። ይህን ጎዳና አቋርጠው የሚያልፉ አንዳንድ መንገዶች እዚያው ላይ ስማቸው ይለወጣል፤ በስተደቡብ ቡለቫርድ የነበረው በስተሰሜን ሞንሮ ይሆናል፣ ሞርላንድም ብራያርክሊፍ ይባላል። እንደመጣሁ ሰሞን የተሳሳትሁ መስሎኝ ከአውቶቡስ ወርጄ በዝናብ ወደ ኋላ ተመልሻለሁ። በኋላ የነገሩኝ ምክንያት፣ በሰሜን በኩል የሚኖሩት ነጮች ከደቡቦቹ ጥቁሮች ጋር የአንድ መንገድ አድራሻ መጋራት ስላልፈለጉ ነው የሚል ነው። በስም ብቻ ያልቆመበትም ጊዜ አለ፤ በ1962 መጨረሻ ከተማው ራሱ፣ ጥቁሮች አልፈው ቤት እንዳይገዙ በማለት፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል በፔይተን መንገድ ላይ አጥር አቁሞ ነበር። ሰዉ «የአትላንታ ግንብ» እያለ ሲጠራው ቆይቶ በተከታዩ ዓመት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተነሣ።

እስከ አምና የኖርሁት ከፖንስ በስተደቡብ፣ ኦልድ ፎርዝ ዋርድ በሚባለው ሰፈር ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1929 የተወለዱበት ቤት ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስ ነበር። በሰፈሩ ዳር የነበረው አሮጌ የባቡር ሐዲድ ተነሥቶ በ2012 የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ፤ ከተማውን የሚዞረው ይህ ቤልትላይን የተባለው መንገድ ሙሉው 22 ማይል ሲሆን፣ መነሻው ራየን ግራቬል የተባለ ተማሪ በ1999 ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። መንገዱ በእውነት ያምራል፣ እኔም ማታ ማታ እሄድበት ነበር። ነገር ግን መንገዱ ካማረ ወዲህ ኪራዩ ከደመወዜ እየቀደመ ሄደ፣ አሮጊት ጎረቤቶቼም አንድ በአንድ ለቀቁ፤ በመጨረሻ እኔም ዕቃዬን ጫንሁ።

ዕቃዬን የጫንሁትም በዚያው በፖንስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነው። ጎዳናው ዲኬተርን አልፎ ክላርክስተን ይደርሳል። ክላርክስተን የራሷ ከንቲባ ያላት ትንሽ ከተማ ብትሆንም፣ ሩቅ ላለ ሰው ሲነገር ሁሉም አትላንታ ይባላል። ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ስደተኞች የሚሰፍሩባት በመሆኗ የሶማሌ፣ የበርማ፣ የኮንጎና የአፍጋን ቤተሰቦች በአንድ ግቢ አብረውኝ ይኖራሉ፤ በርበሬና እንጀራ ለመግዛትም መኪና አያስፈልገኝም። የሀብታሞቹን ሰፈር በክሄድን ለሥራ ካልሆነ ስለማልረግጠው የምነግርዎ ብዙ የለኝም።

ሲመጡ ግን ሰመርሂል ወደሚባለው ሰፈር ይዤዎት እሄዳለሁ። በእኛ ሐምሌ 1988 ፋጡማ ሮባ የአትላንታ ኦሎምፒክን ማራቶን ስታሸንፍ ሬዲዮኑን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው ያዳመጡት ስታዲየም የነበረው እዚያ ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መጫወቻ ሆኗል፣ በሩን ግን ያያሉ።

ፖስታው ላይ እስከዚያው ክላርክስተን ብለው ይጻፉ።

ልጅዎ